«ሥራዬ ይናገራል» ማለት መልስ አይሆንም

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ተወልዶ ለኅብረተሰብ የሚኖር መሆኑን በቃል የሚክድ ሰው በአሁኑ ጊዜ አይገኝም። በየመድረኩ ይነገራል፤ በየመጽሔቱ መቅድም ይጻፋል፤ በየዐውደ ርእዩ መክፈቻ ዕለትም የክብር እንግዳው ይህንኑ ቃል ደግመው ሪባኑን ይቆርጣሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሠዓሊው ከሥራው ፊት ቆሞ ስለ ሥራውና ስለሚኖርበት ኅብረተሰብ ከተመልካቹ ጋር የሚነጋገርበት ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ነገር በድንገት ያጥራል። ሰዓቱም፣ ቃሉም፣ ትዕግሥቱም ያጥራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እጥረት ከየት እንደመጣ መመርመርና በቸልታ ሊታለፍ የማይገባው መሆኑን ማስረዳት ነው። የሚቀየሙ ወገኖች እንደሚኖሩ አልስተውም። ቅያሜያቸውን በጽሑፍ ቢገልጹት ግን ክርክሩ ተጀመረ ማለት ነውና ደስታዬ ነው።

ነገሩን በአንድ አጋጣሚ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተምራቸውን 12 ተማሪዎች አስከትዬ በአዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ሄጄ ነበር። «ሠዓሊው ስለ ሥራው ይናገራል» የሚል ማስታወቂያ አይተን ነው የሄድነው። በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሥራዎች መካከል አንዱ ከፈረሰ ቤት ጣሪያ የተነቀለ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነበር። ሠዓሊው የምስማሩን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በወርቅማ ቀለም ደፍኗቸዋል፤ ዝገቱን ግን እንዳለ ትቶታል። ንግግሩ ተጀመረ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ተማሪዎቼ ከሰሙት ሁሉ አጥርተው የለዩት የከተሞችን ስም ብቻ ነበር፤ ሠዓሊው ሥራውን ያሳየባቸው ከተሞች ናቸው።

ለጥያቄ 5 ደቂቃ ተፈቀደ። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ በክፍል ውስጥ እምብዛም የማይናገር ልጅ፣ እጁን አነሣ። «ጋሼ፣ የምስማሩን ቀዳዳ በወርቅ ደፍነውታል፤ ዝገቱን ግን አልነኩትም። ለምንድነው?» ሲል ጠየቀ። በዚያ ዕለት በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ሁሉ የበለጠው ቃል ይህ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ልጁ ሥራውን አይቶታልና። ሠዓሊው ፈገግ አለና «ሥራዬ ራሱ ይናገራል» ሲል መለሰ። ተጨበጨበ። አስተናባሪውም ሰዓቱ ማለቁን ገልጾ እንግዶቹን ወደ መስተንግዶው መራ።

ወደ ታክሲ መያዣው ስንወርድ ልጁ ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ «መምህር፣ ሰውየው አይገባችሁም ብለው ነው የተዉን፣ ወይስ እሳቸውም አያውቁትም?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ዕለት ዝምታዬ ዕዳ ነው።

«ሥራዬ ይናገራል» የሚለው አነጋገር በኪነ ጥበብ ሰዎቻችን ዘንድ እንደ ሃይማኖት ቀኖና ተይዟል። ሲመረመር ግን በውስጡ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ተደራርበው ይገኛሉ። አንደኛው ሥዕል ቃል አያስፈልገውም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በግልጽ ባይነገርም፣ መናገር ያስጠይቃል የሚል ሥጋት ነው። ሦስተኛው ሕዝቡ አይገባውም የሚል ንቀት ነው። ሦስቱን በየተራ እንመልከታቸው።

በመጀመሪያ፣ ሥዕል ቃል አያስፈልገውም የሚለው አስተሳሰብ ከራሳችን የሥዕል ታሪክ የተገኘ አይደለም። የጥንት ሠዓሊዎቻችን በብራናም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲሥሉ ከሥዕሉ አጠገብ «ዘከመ» ብለው የሚጀምር ጽሑፍ ያኖሩ ነበር፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለተመልካቹ ሲናገሩ ነው። የቅዱሱ ስም ከራሱ በላይ፣ የፈረሱ ስም ከፈረሱ አጠገብ ይጻፋል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተለምዶ በ44 ክፍሎች እየከፋፈሉ የሚሥሉት የአገር ባህል ሠዓሊዎችም ከእያንዳንዱ ክፍል ጋር በአማርኛ አጭር ቃል ይጽፋሉ። እነዚህ ሰዎች በሥዕላቸው ኃይል ስለማይተማመኑ ነውን? አይደለም። ሥዕልና ቃል በአንድ ማዕድ የሚቀርቡ መሆናቸውን ስለሚያውቁ ነው። ማንበብ የማይችለው ምእመን እንኳ የሚያነብለት ደብተራ ወይም ቄስ አያጣም ነበር። ሥዕሉ በተሠራበት ቦታ ሁሉ ስለ ሥዕሉ የሚናገር ሰው ነበር።

«ይህ የሃይማኖት ሥዕል ነው፤ ታሪኩ የታወቀ ነው፤ የዘመኑ ሥዕል ግን ምሥጢር አለው፤ ምሥጢሩ ከተፈታ ያልቃል» የሚሉ ይኖራሉ። ምሥጢርን በተመለከተ ከቅኔ የበለጠ ምስክር ያለ አይመስለኝም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ይቆማል፤ ይናገራል። መምህሩም ያደምጣል፤ ያርማል፤ ባለቤቱ የቱ ነው፣ አንቀጹ የት ላይ ነው፣ ሰሙ ከወርቁ በምን ተያያዘ እያለ ይጠይቃል። ተማሪው «ቅኔዬ ራሱ ይናገራል» ብሎ ቢቀመጥ ጉባኤው በሙሉ ይስቅበት ነበር። ቅኔው የተዋጣ ሲሆን ደግሞ ካህናቱ «ይበል! ይበል!» ይላሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ምርመራ የቅኔን ምሥጢር አጥፍቶታል ወይ? ከመቶ ዓመታት በፊት የተነገረ ቅኔ ዛሬም ሊቃውንትን የሚያከራክረው ስለተደበቀ አይደለም፤ በየዘመኑ ስለሚጠየቅ ነው። ምሥጢር በመጠየቅ ይጠልቃል እንጂ አይደርቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ከሠዓሊው የምንጠይቀው የሥዕሉን «ትርጉም» እንደ እንቆቅልሽ መልስ እንዲያቀብለን አይደለም። ይህን የሚጠይቅ ተመልካች ካለ ስሕተቱ የተመልካቹ ነው። የምንጠይቀው የሠሪውን ሒሳብ ነው። ይህን ቆርቆሮ ከየት አመጣኸው? ለምን ይህን መረጥህ? የቱ ጋ ተሳሳትህ፣ የቱንስ ፍቀህ እንደገና ሠራኸው? ቤቱ የፈረሰበት ሰው ይህን ቢያይ ምን ይል ይመስልሃል? አናጢ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ ሁሉ ስለ ሥራው ሲጠየቅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይመልሳል። ሠዓሊው ከእነርሱ የሚለይበት ምክንያት ምንድነው?

«እኔ የብሩሽ እንጂ የአንደበት ሰው አይደለሁም» የሚል ሠዓሊም አለ። ይህ በቅንነት የተነገረ ከሆነ ሊከበር ይገባዋል፤ ከዝምታ ግን ነፃ አያወጣውም። ማንም የአዋጅ ንግግር አልጠየቀውምና። ከቆሎ ትምህርት ቤት የመጣው ደበሎ ለባሽ ተማሪም ቢሆን የአደባባይ ሰው ሆኖ አልተወለደም፤ በተጠየቀ ቁጥር አንደበቱ ተገራ እንጂ። «ዝገቱን የተውኩት እጄ እንቢ ስላለኝ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለዚያ ልጅ በቂ ነበር። ምናልባትም ሠዓሊ አድርጎ ያስቀረው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው የከበደ ነው፤ በቀላሉም አይመለስም። በአገራችን የኪነ ጥበብ ሰው መናገር የተወደደበትን ያህል የተቀጣበት ጊዜ አለ። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የደርግ ዘመን የኪነ ጥበብ ባለሙያው እንዲናገር ተጠይቆ ነበር፤ እንዲያውም ዝም እንዲል አልተፈቀደለትም። ጥያቄውም መልሱም ግን ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ከመስመሩ የወጣውን የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ለማወቅ ደራሲ በዓሉ ግርማን ማስታወስ ይበቃል። «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ያየ ትውልድ «ሥራዬ ይናገር፣ እኔ ልለፍ» ቢል ፈሪ ነው ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም። ዝምታው መጠለያ ነበር።

ነገር ግን መጠለያው ለልጅ ልጅ የሚወረስ ርስት መሆን የለበትም። የተገደደ ቃል መድኃኒቱ ነፃ ቃል ነው እንጂ ዝምታ አይደለም። ዝምታ የሚበጀው ትናንት ያስገድድ ለነበረው ወገን ነው፤ ሠዓሊው ራሱን ችሎ መናገር ካልለመደ ነገ እንደገና ሌላ ሰው በስሙ ይናገርለታልና። ይህ አስቀድሞ መሆን ጀምሯል። ዛሬ በዐውደ ርእይ መክፈቻ ላይ ስለ ሥዕሉ ብዙ የሚናገረው ማነው? የክብር እንግዳው፣ ስፖንሰሩ፣ አስተናባሪው ነው። ሠዓሊው አመስግኖ ይቀመጣል።

የሚናገረውስ ቢሆን በምን ቃል ይናገራል? በዚያ ዘመን መድረኩን የሞሉት «ትግል»፣ «ጭቆና»፣ «ብሩህ ተስፋ» የሚሉ ቃላት ነበሩ። ቃላቱ በራሳቸው ጥፋት አልነበረባቸውም፤ ጥፋቱ ከየትኛውም ሥዕል ጋር ቢያያዙ የሚስማሙ መሆናቸው ነበር። ዛሬ በምትካቸው «ማንነት»፣ «ትውስታ»፣ «ሽግግር»፣ «ድንበር» የሚሉ ቃላት ተተክተዋል። እነዚህንም ከአንዱ ሠዓሊ ካታሎግ ቆርጦ በሌላው ላይ ቢለጥፏቸው የሚያውቅ አይኖርም። የቀድሞዎቹ ለሹም የተዘጋጁ ነበሩ፤ የአሁኖቹ ለገዢና ለጋባዥ ተዘጋጅተዋል። ለተመልካቹ የተዘጋጀው የቱ ነው? ሁለቱም ዓይነት ቃላት ከቆርቆሮው ዝገት አልደረሱም። የደረሰው ልጁ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሕዝቡ አይገባውም የሚለው ነው። ይህ በአደባባይ የሚነገር አይደለም፤ በተግባር ይገለጻል። ከመግለጫዎቹም ዋነኛው በአዲስ አበባ ለተሰበሰበ፣ አብዛኛው አማርኛ ለሚናገር ተመልካች በባዕድ ቋንቋ ብቻ መናገር ነው። አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ። የባዕድ ቋንቋ ጠላት አይደለሁም። የጎተ ኢንስቲትዩትና የአሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ አዳራሾች የእኛዎቹ በተዘጉበት ወይም ለስብሰባ ብቻ በተከፈቱበት ጊዜ ለሠዓሊዎቻችን በራቸውን መክፈታቸው በምስጋና የሚታወስ ነው። እንግዳ ካለ ይተርጎምለት፤ እንግዳን ማክበር የአገር ባህል ነው። እንግዳን ለማክበር ባለቤትን ከቤት ማስወጣት ግን በየትኛውም አገር ባህል አይደለም።

በዚህ የሚጎዳው ተመልካቹ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋውም ጭምር ነው። የሥነ ጥበብ ሂስ ቃላት በመዝገበ ቃላት ቢሮ አይፈጠሩም። በክርክር ይወለዳሉ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በኮሎኝ ከተማ ተምሮ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ አገሩ ተመልሶ ቅርጽን ከሚታወቀው መልክ ያላቀቁ ሥራዎቹን ባሳየ ጊዜ፣ ይህ የእኛ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። «ረቂቅ ሥዕል» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ሥጋና ደም የለበሰው እንዲህ ባለው ክርክር ነው። እስክንድር ቦጎስያንም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መግቢያ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ሲያስተምር የተማሪዎቹን ዓይን የከፈተው በቀለም ብቻ አልነበረም፤ በንግግርም ጭምር ነው። ሁለቱም ሕይወታቸው ያለፈው ከአገር ውጭ ነው። ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ አረፈ። እስክንድር በዋሽንግተን በሚገኘው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምሮ በ1995 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። ሥራዎቻቸው በከፊል ተመልሰውልናል፤ የገብረ ክርስቶስ በስሙ በተሰየመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይታያሉ። የተናገሩት ግን፣ በአገራቸው ቋንቋ ለአገራቸው ሰው ሊናገሩት ይችሉ የነበረው ሁሉ፣ በአብዛኛው በባዕድ አገር የመማሪያ ክፍል ውስጥ ቀርቷል። ሸራ ይመለሳል፤ ያልተነገረ ቃል ከየት ይመለሳል?

የእነርሱ መራቅ የዘመን ግፍ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ግን እዚሁ ተቀምጠን ተመሳሳዩን ኪሳራ በፈቃዳችን እየከፈልን ነው። የዘመኑ ሠዓሊዎቻችን በዓለም መድረክ ያገኙት ስፍራ የሚያኮራ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ስትከፍት ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ ወክሏታል። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ እየተሰበሰቡ የሚመጡ የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጮችንና ሽቦዎችን እያያያዘ የሚሠራቸው ሥራዎች በታላላቅ የውጭ ሙዚየሞች ታይተዋል። የመምህር ታደሰ መስፍን ሸራዎች በጉልት ገበያ የምናውቃቸውን ሻጭ ሴቶች እንደ ዓምድ አቁመው ያሳያሉ። ስለ እነዚህ ሥራዎች በውጭ አገር ቋንቋ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የምናለሽ ተራ ነጋዴ ከእጁ የወጣው ሽቦ ምን እንደሆነ ሠዓሊው በሚገባው ቋንቋ ሲናገር የሚሰማው የት ነው? የጉልቷ ሻጭስ በሸራው ላይ እንዴት ቀጥ ብላ እንደቆመች የሚነግራት ማነው?

ይህን ስል ሠዓሊዎቹን በግል መውቀሴ አይደለም። ኤልያስ ስሜ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የከፈተው የዞማ ሙዚየም አጥሩም ጭቃው ጭምር ንግግር ነው። ወቀሳው የሚያርፈው በእኛ ላይ ነው፤ የባህል ተቋማትን በምንመራው፣ በምናስተምረው፣ እንደዚህ ባሉ መጽሔቶች ላይ በምንጽፈው ላይ ነው። ንግግሩ የሚካሄድበትን ወንበርና ሰዓት፣ ቋንቋና መዝገብ ማዘጋጀት የሠዓሊው ብቻ ሥራ አይደለምና።

ሕዝቡ አይመጣም የሚለውም ሰበብ ውሃ አይቋጥርም። በወመዘክር አዳራሽ ስለ መጻሕፍት ውይይት ሲደረግ አንባቢው እሑድ ከሰዓቱን ሠውቶ ይመጣል፤ ደራሲውን ፊት ለፊት ይጠይቃል፤ ይሞግተዋል። ደራሲው ስለተጠየቀ የተዋረደበት ጊዜ የለም። ከዚያም ራቅ ብለን ብናይ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝብን የሰበሰበው ንግግርንና ዘፈንን በአንድ መድረክ አቅርቦ ነው። ዘመናዊው የአገራችን ትያትር ቤት ከዚያ መድረክ ወጣ። በሙግት ባህላችንም «በላ ልበልሃ» እየተባባለ በአደባባይ የሚከራከረው ባላገር ዳኛውም አድማጩም እስኪረካ ድረስ ይናገር ነበር። ከዚህ ሕዝብ መካከል ወጥቶ «ሕዝቡ ንግግር አይወድም» ማለት ሕዝቡን አለማወቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ተመልካቹም የራሱ ድርሻ አለው። ከሥራው ፊት ሁለት ደቂቃ ሳይቆም ጥያቄ የሚጠይቅ አለ። «ይህ ሥዕል ምን ማለት ነው?» ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ የማያውቅም አለ። በጥያቄ ስም ሩብ ሰዓት የራሱን ንግግር አድርጎ ተጨብጭቦለት የሚቀመጥም አይታጣም። እኛ መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችንን ወደ ዐውደ ርእይ ስንወስድ ዝም ብለው በሰልፍ እንዲዞሩ እንጂ አይተው እንዲጠይቁ አላስተማርናቸውም። የባህል ዘርፍ ኃላፊዎች ሪባኑን ቆርጠው ፎቶግራፍ ተነሥተው ሠዓሊው ከመናገሩ በፊት ይሄዳሉ። ኃላፊው የማይሰማውን ንግግር ሌላው ይሰማዋል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ሠዓሊ በአገራችን ተናግሮ አያውቅም እንዳይባል አንድ አብነት ልጥቀስ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ቪላ አልፋ በተባለው መኖሪያቸውና ስቱዲዮአቸው እንግዶችን ራሳቸው እየመሩ ሥራዎቻቸውን ያስጎበኙና ያብራሩ ነበር። በአነጋገራቸው የሚስማማም የማይስማማም ነበር፤ ከሥራቸው አጠገብ አለመጥፋታቸውን ግን ማንም አይክድም። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የመስተዋት ሥራቸው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን የአህጉሪቱን ያለፈ ዘመን፣ የአሁን ትግልና የወደፊት ተስፋ በሦስት ክፍል ያሳያል። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። ሠሪያቸው በሌሉበት ዘመን ስለዚያ መስተዋት ለአዲስ አበባ ተማሪ በአማርኛ የሚናገረው ማነው? ሠሪያቸው በሕይወት ያሉ ሥራዎችስ ይህ ዕጣ እስኪደርስባቸው ለምን እንጠብቃለን?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወቀሳ ብቻውን ፍሬ የለውምና የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

ሀ/ በሕዝብ ገንዘብ ወይም በሕዝብ አዳራሽ የሚዘጋጅ ማናቸውም ዐውደ ርእይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሠዓሊው ከሥራው ፊት ቆሞ የሚጠየቅበት ሰዓት ይኑረው። ይህም በመክፈቻው ዕለት በእንግዳና በመስተንግዶ መካከል ተጣብቆ ሳይሆን ራሱን በቻለ ቀን፣ ተማሪና ሠራተኛ በሚመችበት ሰዓት ይሁን።

ለ/ ለጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ለንግግሩ ከሚሰጠው አይነስ። የሕይወት ታሪክና የሽልማት ዝርዝር በወረቀት ታትሞ ይታደል፤ ሠዓሊው በአንደበቱ የሚናገረው በወረቀቱ ላይ የሌለውን ይሁን።

ሐ/ ንግግሩ በአድማጩ ቋንቋ ይሁን። አዲስ አበባ ከሆነ በአማርኛ፣ በሌላው ክልል ደግሞ በየሕዝቡ ቋንቋ ይካሄድ። እንግዳ ካለ ይተርጎምለት።

መ/ የተነገረው ይመዝገብ፤ ከሁሉ በላይ ጥያቄውና መልሱ ይታተም። ይህ መጽሔትም በየሩብ ዓመቱ አንድ እንዲህ ያለ ንግግር ሳያሳምር፣ ሳይቆርጥ፣ አስቸጋሪውን ጥያቄ ሳይዘል ቢያወጣ ከብዙ የምስጋና ጽሑፍ የተሻለ አገልግሎት ይሰጣል።

ሠ/ ስፍራው በአዳራሽ አይወሰን። ቁሳቁሱ የመጣው ከመርካቶ ከሆነ ንግግሩ አንድ ቀን ወደ መርካቶ ይሂድ። ሥዕሉ ስለ ገበያ ሴቶች ከሆነ የገበያ ሴቶች ይጠሩ።

በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁሙ በአገሪቱ ሥዕል በዘመናዊ መንገድ የሚማርበት ሌላ ስፍራ አልነበረም። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ተሰይሟል፤ ከእርሱም ብዙ ሠዓሊዎች ወጥተዋል። ሠዓሊ አላነሰንም። ያነሰን በሠዓሊውና በተመልካቹ መካከል ያለው ቃል ነው። ያ ቃል በሌለበት ሥዕል ለገዢው ዕቃ፣ ለሹሙ ጌጥ፣ ለተማሪው ደግሞ የማይገባው ነገር ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ሥዕሉ ተናገረ ማለት አይቻልም፤ የሚሰማው ጠፍቷልና።

ለማጠቃለል ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ካየነው ዐውደ ርእይ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ነው የሰማሁት፤ ተወልዶ ያደገበት ሰፈር ከሁለት ዓመት በፊት ፈርሶ ቤተሰቦቹ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውረዋል። እንደዚያ ያለ ቆርቆሮ ሥር ተኝቶ ያደገ ልጅ ነው። የዝናቡን ድምፅ ያውቀዋል፤ በምስማሩ ቀዳዳ የሚገባውን የጠዋት ብርሃን ያውቀዋል። ሠዓሊው ያንን ቀዳዳ በወርቅ ሲደፍነው ብርሃኑን ማለቱ ይሁን፣ መግቢያውን መዝጋቱ ይሁን ሊያውቅ ፈለገ። ይህን ጥያቄ ከእርሱ የበለጠ ሊጠይቅ የሚገባው ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ መልሱንም ከሠዓሊው በቀር ሊሰጠው የሚችል አልነበረም። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተው ነበር። አልተነጋገሩም።

ሠዓሊው ይህን ጽሑፍ ያነበበው እንደሆነ መልሱን ይላክልን። ለልጁ አደርስለታለሁ።